የእቁቡ መዝገብ

በማርች 2024 አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጀርመንታውን ቤት ላሳይ መኪናዬን እያስነሣሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይታ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። እሷ በነርስ ረዳትነት ትሠራለች፤ ባለቤቷ ኡበር ይነዳል። ከደስታዋ ብዛት ሰላምታውንም ረስታዋለች።

«እትዬ፣ እቁቡ ወጣልን! 20 ሺህ! ሰኞ ባንክ አስገባውና ያንን ቤት እንያዘው።»

«እንኳን ደስ አላችሁ» አልኳት። «ግን ባንክ ከማስገባትሽ በፊት ብሮከራችንን እናነጋግረው።»

ዝም አለች። ዝምታዋ ገባኝ። ወር በወር ከልጆቹ ጉሮሮ እየቀነሰ እቁብ የጣለ ሰው፣ ገንዘቡ እጁ ከገባ በኋላ «ቆይ» ሲባል ደስ አይለውም።

ሜሪላንድ ውስጥ በቤት ኤጀንትነት ከ15 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ብዙ ወገኖቻችን ኤጀንት ቤት የሚያሳይ፣ ብሮከር ብድር የሚያመጣ፣ ሁለቱም በየፊናቸው የሚሠሩ ሰዎች ይመስሏቸዋል። ብሮከር የራሱን ገንዘብ አያበድርም፤ የገዢውን ፋይል ይዞ ከብዙ አበዳሪዎች መካከል የሚስማማውን ይፈልጋል። የባንክ ሎን ኦፊሰር ደግሞ የባንኩን ብድር ብቻ ያቀርባል። ገዢው ከማንኛቸውም ጋር ቢሠራ፣ ቤቱ የሚገኘው ወይም የሚታጣው አብዛኛውን ጊዜ እነሱና ኤጀንቱ እርስ በርስ በሚነጋገሩት ነገር ነው። እኔ የማውቀውን ብሮከሩ ካልሰማ፣ እሱ ያየውን እኔ ካላወቅሁ፣ ገዢው መሀል ላይ ይቀራል።

ያን ዕለት ስልኩን ለሦስት አገናኘሁት። ብሮከሩ ሦስት ነገር ጠየቃት፤ ስንት ሰው ናችሁ? ስንተኛው ዕጣ ላይ ወጣላችሁ? መዝገቡን የሚይዘው ማነው? እሷም መለሰች። ሃያ ሰዎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በወር 1 ሺህ ዶላር ይጥላሉ፣ ለእነሱ የወጣው በአሥራ ሁለተኛው ዕጣ ነው፣ መዝገቡ የእቁቡ ዳኛ ዘንድ ነው።

ብዙዎቻችን እቁብን ለአሜሪካ ባንክ ማስረዳት አይቻልም ብለን እናስባለን። ስለዚህ አንዳንዱ ገንዘቡን ከፋፍሎ ያስገባል፤ ሌላው «የአጎቴ ስጦታ ነው» የሚል ደብዳቤ ያጽፋል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ በብድር ማመልከቻ ላይ ሐሰት ማቅረብ ነው፤ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ መዋሸቱ አለማስፈለጉ ነው። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው የፋኒ ሜ ድርጅት መመሪያ ሰዎች በጋራ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለዳውን ፔይመንት ይቀበላል። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ገንዘቡን ከሚያስተዳድረው ሰው የጽሑፍ ማረጋገጫ፣ ገዢውም በየጊዜው መዋጮውን ሲከፍል እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ። ለቤት ብድር ዋስትና የሚሰጠው የመንግሥት ድርጅት ኤፍ ኤች ኤ ደግሞ ስለ ግል የቁጠባ ማኅበር ተመሳሳይ ደንብ አለው፤ ገንዘቡ የተበደሩት አለመሆኑ እንዲረጋገጥ ይፈልጋል። እቁብ የሚለውን ቃል አይጽፉትም እንጂ እቁብን ያውቁታል።

ታዲያ ለምን «ቆዪ» አልኳት? ምክንያቱ በዚያው በፋኒ ሜ መመሪያ ውስጥ ነው። እቁቡ ገና አላለቀም። ከአፕሪል እስከ ኖቬምበር ስምንት ወር ይቀራቸዋል፣ በየወሩም 1 ሺህ ዶላር ይጥላሉ። አበዳሪው ይህንን ቀሪ መዋጮ እንደ ዕዳ ይቆጥረዋል። የወለዱ መጠን ወደ 7 ከመቶ በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ ለ30 ዓመት ብድር በየ100 ሺህ ዶላሩ የሚከፈለው በወር 665 ዶላር ያህል ነው። ስለዚህ የ1 ሺህ ዶላሩ መዋጮ ብቻውን ሊበደሩ ከሚችሉት ላይ 150 ሺህ ዶላር ይቆርጣል። እኔ 400 ሺህ ዶላር አካባቢ ያለ ቤት ላሳያቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ሳንነጋገር ብንቀጥል ኖሮ ኦፈር እንጽፋለን፣ ሻጩ ይቀበላል፣ ቤቱን ያስመረምራሉ፣ የቤቱን ዋጋ ለሚገምተው አፕሬይዛል ይከፍላሉ፣ ከዚያ ብድሩን የሚያጸድቀው አንደርራይተር ፋይሉን ሲያገላብጥ የእቁቡን ቀሪ ዕዳ ያገኘዋል።

ብሮከሩ የሚቻለውን ሁሉ አሰላ። ቀሪውን 8 ሺህ ዶላር አስቀድመው ለዳኛው ቢከፍሉ ዕዳው ይዘጋል፤ ግን 12 ሺህ ይቀራቸውና ለዳውን ፔይመንቱ አይበቃም። ሌላ ቦታ ብድር ቢፈልግላቸው ወለዱ ይከብዳቸዋል። በመጨረሻ «እኔ ብሆን እጠብቃለሁ» አለ። እኔም ሳላመነታ ተስማማሁ። ባለቤቷ «ዋጋው ቢጨምርስ?» ብሎ ጠየቀ። ሊጨምር እንደሚችል አልደበቅንም። አጠገባቸው የነበሩት እናቷ ግን በስልኩ ውስጥ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲሉ ሰማኋቸው። በዚህ ተዘጋ።

በመጠበቅ ላይ ሳሉ ከዚያ በፊት የሆነባቸውን አጫወቱኝ። እኔ ጋር ከመምጣታቸው በፊት ሌላ አበዳሪ «የባልሽ ገቢ አይቆጠርም» ብሎ መልሷቸው ነበር። እውነት ነው፣ የኡበር ሹፌር ገቢ ወረቀት ላይ ሲታይ ያስደነግጣል። ሰውየው በ2023 ሥራ ላይ 40 ሺህ ማይል ነድቷል። ታክሱን የሠራለት ሰው በማይል 65.5 ሳንቲም ቀነሰለትና ከገቢው ላይ 26,200 ዶላር ወረደ። ለታክስ መልካም ነው። ለብድር ግን የሚታየው ከቅነሳው በኋላ የቀረው ነው፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የዋለ ሰው ምንም ያልሠራ ይመስላል።

ብሮከሩ ስኬጁል ሲ የሚባለውን ቅጽ ከፍቶ የማይሉን ቁጥር ፈለገ። ከ65.5ቱ ሳንቲም ውስጥ 28ቱ የመኪናው ማርጀት ዋጋ ነው፤ ከኪስ የወጣ ገንዘብ ስላልሆነ አበዳሪው መልሶ እንዲደምረው መመሪያው ይፈቅዳል። 40 ሺህ ማይል በ28 ሳንቲም ሲባዛ 11,200 ዶላር ነው፤ በወር ከ900 ዶላር በላይ ገቢ ተመልሶ መጣ። ስሌቱ አንድ ገጽ አይሞላም። የመጀመሪያው አበዳሪ ያንን ገጽ አላነበበም። ሹፌሮቻችን እንዲህ ተመልሰው ስንት ዓመት በኪራይ እንደሚቆዩ ሳስብ ያናድደኛል። ለዚህ ነው ደንበኛዬ ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳ ከሆነ፣ ብሮከሩን ከመምረጡ በፊት «የማይል ቅነሳን እንዴት ታያለህ?» ብለህ ጠይቀው የምለው። የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይመልሳል።

እኔም ባለመነጋገር ሰው ጎድቻለሁ። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ለአንዲት እህት ኮንዶ አገኘሁላት። ብድሯ ኤፍ ኤች ኤ ነበር። ኤፍ ኤች ኤ ደግሞ ያኔ ለኮንዶ ብድር ዋስትና የሚሰጠው በአብዛኛው ሕንፃው ተመርምሮ ሲጸድቅ ነበር። ያንን ዝርዝር ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። እኔ ብሮከሯ ያያል አልኩ፣ እሱ ኤጀንቷ አይታለች አለ። ሕንፃው አልጸደቀም ነበር። ለምርመራና ለአፕሬይዛል የከፈለችው ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ቀረ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ገንዘቧን ግን ይቅርታዬ አልመለሰላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮንዶ ኦፈር ከመጻፌ በፊት የሕንፃውን ስምና የወር ክፍያውን ለብሮከሩ እልካለሁ። የወር ክፍያው 400 ዶላር ከሆነ ከብድር አቅም ወደ 60 ሺህ ይወስዳል፤ ርካሽ ኮንዶ ከታውንሃውስ የሚከብድበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ሰዎች ፊት ለፊት ወደማይጠይቁኝ፣ ከኋላ ግን ወደሚያወሩት ነገር ልምጣ። «ወደዚያ ብሮከር የምትልከን ድርሻ ስላላት ነው።» አገር ቤት ደላሎች ኮሚሽን ሲካፈሉ ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አልፈርድበትም። እዚህ ግን በ1974 የወጣው ሬስፓ የተባለው ሕግ ደንበኛ ስለላኩ ገንዘብ መቀበልንም መስጠትንም ይከለክላል፤ ገንዘብም ሆነ የእራት ግብዣ ቢሆን፣ ደንበኛ ለመላክ የተሰጠ ዋጋ ከሆነ ክልክል ነው። ጥርጣሬውን የሚያጠፋው ግን የእኔ መሐላ አይደለም። የብሮከሩን የፈቃድ ቁጥር በኤን ኤም ኤል ኤስ መዝገብ ፈልጉ። ካመለከታችሁ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ሎን ኢስቲሜት የሚባል ሦስት ገጽ ወረቀት ሊደርሳችሁ ይገባል። ከሁለት ወይም ከሦስት አበዳሪ ተቀበሉና ሁለተኛውን ገጽ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ከላይ በኩል ኤ በሚለው ሳጥን ያለው አበዳሪው ራሱ የሚያስከፍለው ነው። እኔ ያመጣሁት ብሮከር ከተበለጠ ሌላውን ውሰዱ። ቅር የሚለው ኤጀንት ካለ፣ ችግሩ የእሱ ነው።

ብሮከሩ የማያየውና እኔ የማየው ነገርም አለ። የብድር ስሌቱ የመኪና ዕዳን፣ የክሬዲት ካርድን፣ ለጓደኛ የተፈረመ ዋስትናን ይቆጥራል። ለእናት በየወሩ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ገንዘብ ግን በክሬዲት ሪፖርት ላይ የለም። የእህት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሐዘን ቤት መዋጮ፣ የዕድርና የቤተ ክርስቲያን ክፍያም የለም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ 430 ሺህ ሲፈቅድ እኔ ሌላ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «በወር ለቤተሰብ ስንት ትልካላችሁ?» እነዚህ ባልና ሚስት 600 ዶላር አሉኝ። ለብሮከሩ ነገርኩት፤ እሱም ያንን ቀንሶ በየወሩ ሳይጨነቁ የሚከፍሉትን ነገረን። የቤቱን ዋጋ ወደ 380 ሺህ አወረድነው። የእኔም የእሱም ገቢ አብሮ ቀነሰ። እንዲህ ያለውን ብሮከር ነው አጥብቄ የምይዘው። ጣሪያውን ብቻ እያሳየ «ትችላላችሁ» ከሚል ሰው ጋር መሥራት አቁሜያለሁ።

በጥበቃው መሀል የገዢና የኤጀንት ውል ደንብም ተለወጠ። ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ገዢ ቤት ከማየቱ በፊት ከኤጀንቱ ጋር የጽሑፍ ውል መፈረም ጀመረ፤ የኤጀንቱ ክፍያም በግልጽ ይጻፋል። ሻጩ የእኔን ክፍያ አልከፍልም ካለ በክሎዚንግ ቀን ከገዢው ኪስ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው ብሮከሩ ጠረጴዛ ላይ መኖር አለበት። ውሉን በፈረሙ ዕለት ቅጂውን ላክሁለት።

የመጨረሻው ዕጣ ኖቬምበር ላይ ወጣ። ዳኛው በወግ የያዙትን መዝገብ ሰጡን፤ ሰማያዊ ደብተር ነው፣ የሃያው ሰው ስም በአማርኛ፣ ከጎኑ የወሩ ቀን፣ መጨረሻ ላይ ፊርማ። ብሮከሩ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ አያያዘው፤ ዳኛውም አንድ ገጽ የማረጋገጫ ደብዳቤ ፈረሙ። በዲሴምበር ኦፈር ስንጽፍ ከእኛ ሌላ ሁለት ገዢዎች ነበሩ። ብሮከሩ እሑድ ማታ ለሻጩ ኤጀንት ደውሎ ፋይሉ አንደርራይተር አይቶት ያለፈ መሆኑን፣ የቀረው አፕሬይዛል ብቻ እንደሆነ ነገራት። የእኛ ዋጋ ከፍተኛው አልነበረም። ሻጩ ግን የሚዘጋውን ኦፈር መረጠ።

ክሎዚንግ ጃንዋሪ ላይ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት የደረሳቸውን የመጨረሻ ሂሳብ ከመጀመሪያው ሎን ኢስቲሜት ጋር መስመር በመስመር አስተያየን። ገንዘቡን በዋየር ከመላካቸው በፊት የአካውንት ቁጥሩን በኢሜይል አላመንነውም፤ ወደ ታይትል ኩባንያው ራሳችን ደውለን አረጋገጥን። ባልየው ቁልፉን ተቀብሎ ለአማቱ ሰጣቸው።

ዘንድሮ ቤት ለመግዛት ያሰባችሁና እቁብ የምትጥሉ ሁሉ፣ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። መዋጮአችሁን በእጅ ከመስጠት ይልቅ በቼክ ወይም በዜል ክፈሉ፣ ዱካው ይቀመጣል። የዳኛውን መዝገብም በየወሩ ፎቶ አንሡና ያዙ። ከዚያ ኤጀንታችሁንና ብሮከራችሁን በአንድ ስልክ አገናኟቸው።