የመኪና መፍቻ አመራረጥ፦ ተረትና እውነታ

የመኪና መፍቻ ሲገዛ ዐይን ቀድሞ የሚያርፈው ሳጥኑ ላይ ነው። መቶ ምናምን ዕቃ ከያዘ ሥራውን ሁሉ የሚችል ይመስላል። ቁጥሩን ግን ብዙውን ጊዜ የሚሞሉት ጥቃቅን የካቻቢቴ ጫፎችና የኢንች መጠኖች ናቸው። በኢትዮጵያ የተለመዱት ቪትዝና ኮሮላ በሚሊሜትር የተሠሩ ስለሆኑ የዘወትሩ ሥራ በ10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር ያልቃል። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን 14፣ የጎማው ዳዶ ግን 21 ነው። (10 ቁጥር ቶሎ ስለሚጠፋ ሁለት ቢገዛ አይቆጭም።) ቮልስዋገን ላይ 13 እና 16 ይበዛሉ፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ኮፋኖ ከፍቶ የራስን መኪና ማየት ይቀድማል። አሜሪካ የሚኖር ሰው የኢንች መፍቻ የግድ ያስፈልገዋል የሚባለውም ጊዜው አልፎበታል፤ የዛሬዎቹ የአሜሪካ መኪኖችም በሚሊሜትር ነው የሚሠሩት።

«አንድ የእንግሊዝ ቁልፍ ካለ ሌላ አያስፈልግም» የሚለው ብዙ ዳዶ ያስበላ እምነት ነው። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ በመሆኑ ምንጊዜም ትንሽ ክፍተት አይጠፋውም፤ ኃይሉ ጫፍ ላይ ብቻ ያርፍና የዳዶውን ማዕዘን ይበላዋል። ፒንሳማ ከዚህም ይብሳል። ለጠበቀ ዳዶ ትክክለኛው ከላይ የሚለብሰው ቡሶላ ነው፤ እሱም ውስጡ ባለ ስድስት ማዕዘን ቢሆን ይመረጣል። ባለ አሥራ ሁለቱ በጠባብ ቦታ ለመግባት ቢመችም የሚይዘው ማዕዘኑ አጠገብ ስለሆነ የዛገ ዳዶ ላይ ይሾልካል።

መፍቻው ላይ «ክሮም ቫናዲየም» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ጥራቱን አያረጋግጥም። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ብረቱ ዓይነት ነው፤ ብረቱ በእሳት በደንብ መጠንከሩንም ሆነ ልኩ ትክክል መሆኑን አይነግርም። ይልቅ በአዲስ ቡሎን ላይ አልብሶ ወዲያ ወዲህ ማወዛወዝ የበለጠ ይነግራል።

ባለ መስቀል ካቻቢቴ ሁሉ አንድ ነው ይባላል። የጃፓን ብሎኖች፣ በተለይ የድሮዎቹ፣ ግን ብዙ ጊዜ ጭንቅላታቸው ላይ ትንሽ ነጥብ አላቸው፤ መስቀላቸውም ከተለመደው ፊሊፕስ ጥቂት ይለያል። በፊሊፕስ ሲፈቱ የሚሾልኩት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ያለው ማጥበቁ ላይ ነው። «የጎማ ዳዶ በጠበቀ ቁጥር አስተማማኝ ነው» ተብሎ መፍቻው ላይ በእግር ይቆማል። ለብዙ የኮሮላ ሞዴሎች የተወሰነው 103 ኒውተን ሜትር ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 40 ሳንቲሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ ሲቆም ግን 294 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ማለትም የልኩን ሦስት እጥፍ ያህል ያሳርፍበታል። ቡሎኑ ይለጠጣል፣ የፍሬኑ ዲስክ ሊጣመም ይችላል፣ ጎማው መንገድ ላይ ሲተነፍስም ዳዶውን መፍታት አበሳ ይሆናል። ጥርሱን ግሪስ መቀባትም አይረዳም፤ ሰበቃው ስለሚቀንስ በዚያው ልክ ያጠበቀ ሰው ቡሎኑን ከሚገባው በላይ ይወጥረዋል። በመሆኑም በተወሰነ ልክ የሚያጠብቀው ቶርክ ሬንች የጋራዥ ቅንጦት ተደርጎ መታየት የለበትም። ለመፍቻነት ግን አያገለግልም፤ ድምፅ የሚሰጠው ዓይነት ከሥራ በኋላ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ተመልሶ ይቀመጣል።

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ክሪክ ጎማ ለመቀየር ብቻ ነው። ከሥር ለመግባት የብረት መደገፊያ፣ ደልዳላ መሬትና ለጎማው ታኮ ያስፈልጋል። ብሎኬት ይህን ሊተካ አይችልም፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል።

የመኪናውን የብልሽት ኮድ የሚያነበው ስካነር የተበላሸውን ዕቃ ለይቶ ይነግራል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ የሚያሳየው ምልክቱን ነው። ፒ 0171 የሚለው ኮድ ለምሳሌ ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር ማነሱን ብቻ ይገልጻል፤ ሰበቡ የተቀደደ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ ሴንሰር ወይም የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ ርካሽ ቴስተር ይበልጥ ይጠቅመዋል። መኪናው አድሮ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ወርዷል። ሞተሩ ተነሥቶም ቁጥሩ ወደ 14 ካልወጣ፣ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ዲናሞውና ቺንጊያው ይታያሉ።