ቱቦ ማጠፍ፦ ለጭቃ ቤት የሚበጅ ሙያ

አዲስ ዓለምን ያስቆረቆራት የእንጨት እጦት ነው። በ1890ዎቹ በአዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ሲመናመን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ሌላ ዋና ከተማ ለማቆም አሰቡ፤ ቤተ መንግሥትም ማሠራት ጀመሩ። ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከመለቀቅ ሲያድናት ሐሳቡ ተለወጠና ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ የአዲስ ዓለም ማርያም። ባሕር ዛፉ ግን አዲስ ዓለምም ደረሰ። ዛሬ ከሆለታ እስከ አምቦ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከሚታየው ቤት ብዙው በባሕር ዛፍ ቆሞ በባሕር ዛፍ የተማገረ፣ ጭድ ገብቶበት በቦካ ጭቃ የተመረገ ነው።

ይህ ግድግዳ ኤሌክትሪክ ለሚዘረጋ ሰው ፈተና ነው። በብሎኬት ቤት ግድግዳው ይጠረባል፣ የፕላስቲክ ቱቦ ይቀበራል፣ በላዩ ይለሰናል። ጭቃ ቤት ሲጠረብ ግን ምርጊቱ ይረግፋል፣ ማገሩም ይላላል። ስለዚህ ሽቦው ብዙ ጊዜ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተይዞ እንዲሁ ይቀራል። አይጥ ይቆረጥመዋል፤ ሥዕል ለመስቀል የተመታ ሚስማር ይበሳዋል፤ የኩሽና ሙቀትና ጢስ ሽፋኑን ያደርቀዋል። ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ በጭድና በደረቅ እንጨት ላይ ካረፈ ደግሞ ቤት የሚያቃጥል እሳት ከዚያ ሊነሣ ይችላል።

ለእንዲህ ያለ ቤት የሚበጀው፣ ሽቦውን በብረት ቱቦ ውስጥ አሳልፎ ቱቦውን ከግድግዳው ፊት ማሰር ነው። ቱቦው አይበሳም፣ አይቆረጠምም፣ እሳት አያቀጣጥልም። ማሽን በሚንቀጠቀጥበት ወፍጮ ቤትም፣ መሣሪያ በሚወረወርበት ጋራዥም ከፕላስቲክ ይልቅ ይችላል። ችግሩ አንድ ነው። ቱቦ የሚሸጠው ቀጥ ብሎ ነው፤ ቤት ግን ማዕዘን፣ ጉበንና እብጠት አለው። ቱቦውን ከቤቱ ጋር የሚያስማማው የማጠፍ ሙያ ነው፤ መሣሪያውም የእጅ ማጠፊያ ይባላል።

መሣሪያው

የእጅ ማጠፊያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም እጀታ ነው። ሁለተኛው ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ቅስት ራስ ነው። በቅስቱ የውጭ ጠርዝ ላይ ቱቦው ልክክ ብሎ የሚገባበት ቦይ አለ፤ በአንዱ ጫፍ ቱቦውን የሚይዝ መንጠቆ፣ ከጎኑም የእግር መርገጫ አለው። በራሱ ላይ የቀስት ምልክትና 10፣ 22.5፣ 30፣ 45፣ 60 የሚሉ የዲግሪ መስመሮች ተቀርጸውበታል።

ባዶ ቱቦ በጉልበት ሲታጠፍ የውጭ ጎኑ ይለጠጣል፣ የውስጥ ጎኑ ይጨመቃል፤ ሁለቱ ጎኖች ሲቀራረቡ ቱቦው ይጨፈለቅና ይሰበራል። የማጠፊያው ቦይ የሚሠራው ይህን ለመከላከል ነው። የቱቦውን ግራና ቀኝ አቅፎ ስለሚይዝ ክቡ ወደ ጎን የሚሰፋበት ቦታ ያጣል፤ ስለዚህ ክብነቱን እንደያዘ ይዞራል። ቅስቱም በልክ የተሠራ ነው። ለግማሽ ኢንች ቀጭን የሽቦ ቱቦ የመታጠፊያው ራዲየስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ጠበብ ከተደረገ ቱቦው ይጨማደዳል።

እዚህ ላይ ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ግማሽ ኢንች የሚባለው ቀጭን የሽቦ ቱቦ የውጭ ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሽ ኢንች የሚባለው ጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ ግን 21 ሚሊ ሜትር ያልፋል። የእንግሊዝ ስሪት የሽቦ ቱቦ ደግሞ በውጭ ስፋቱ 16፣ 20፣ 25 ሚሊ ሜትር እየተባለ ይሸጣል። ለአንዱ የተሠራ ማጠፊያ ለሌላው አይሆንም። ቱቦው በቦዩ ውስጥ ከተወዛወዘ ይጨፈለቃል፤ ጠቦት በግድ ከገባም ማጠፊያው ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ቱቦና ማጠፊያ አብረው ቢገዙ ወይም ከመግዛትዎ በፊት አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብተው ቢያዩ ይሻላል።

ልኬቱ

ሙያው ያለው ከጉልበቱ ይልቅ በልኬቱ ላይ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቱቦው ወለሉን ይዞ መጥቶ ወደ ሶኬት 30 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት እንበል። ከቱቦው ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ለክቶ እዚያው የሚያጥፍ ሰው ቱቦው ከሚፈልገው በላይ ይረዝምበታል፤ ቅስቱ ራሱ የራሱን ድርሻ ይጨምራልና። ለግማሽ ኢንች ቀጭን ቱቦ ይህ ድርሻ 12.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለሦስት ሩብ ኢንች 15.2። ስለዚህ ከ30 ላይ 12.7 ይቀነስና በ17.3 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት ይደረጋል። ቱቦው ወለል ላይ ይተኛል፣ ቀስቱ ምልክቱ ላይ ያርፋል፣ እግር መርገጫውን አጥብቆ ይጫናል፣ እጅም እጀታውን ይስባል።

ዋናው ጉልበት ከእግር ይምጣ። እግር ላላ ብሎ እጅ ብቻ ከሳበ ቱቦው ከቦዩ ይነሣል፤ የተነሣበት ቦታም ይጨማደዳል። ብረት ሲለቁት ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ከ90 ዲግሪ ጥቂት አሳልፎ መሳብ፣ ከዚያም በስኳድራ ወይም በውሃ ልክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ማጠፊያዎ ሌላ ስሪት ከሆነና ድርሻው ካልተጻፈበት ራስዎ ሊያወጡት ይችላሉ። ከቁራጭ ቱቦ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ቀስቱን እዚያ ይዘው 90 ዲግሪ ያጥፉ፤ ከዚያ የቆመውን ክንድ ከመታጠፊያው ጀርባ እስከ ጫፉ ይለኩ። ከ40 በላይ የመጣው ትርፍ የማጠፊያዎ ድርሻ ነው። በእጀታው ላይ በቀለም ይጻፉት፤ ዘወትር ያገለግልዎታል።

በጭቃ ቤት ከዘጠና ዲግሪው ይልቅ የሚበዛው ደረጃ መሰሉ እጥፋት ነው። ምሰሶው ያበጠበት ግድግዳ አለ፤ ቱቦው በእብጠቱ ልክ ወጣ ብሎ በላዩ በቀድሞው አቅጣጫ መቀጠል አለበት። ይህ ሁለት እኩል እጥፋቶችን ይጠይቃል፤ አንዱ ወደ ውጭ፣ አንዱ ወደ ቀድሞው አቅጣጫ መመለሻ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ስንት ይሁን? መልሱ የትምህርት ቤት ትሪጎኖሜትሪ ነው። የ30 ዲግሪ ሳይን ግማሽ ስለሆነ፣ በ30 ዲግሪ ሲታጠፍ ርቀቱ የእብጠቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። እብጠቱ 6 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በምልክቶቹ መካከል 12 ሴንቲ ሜትር ይኑር። በ45 ዲግሪ ማባዣው 1.4 ነው፤ በ10 ዲግሪ ወደ 6 ይጠጋል። ቱቦው በሰያፍ ስለሚሄድ ደግሞ ርዝመቱ ያጥራል፤ በዚህ ምሳሌ 1.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ይህን ያልቆጠረ ሰው ቱቦውን ሲያስጠጋ ከሽቦ ማገናኛው ቦክስ ሳይደርስ ይቀርበታል።

ሁለቱ እጥፋቶች በአንድ ሜዳ ላይ ካልዋሉ ቱቦው ይጣመማል፤ ከግድግዳው ጋርም አይገጥምም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከማጠፍዎ በፊት በቱቦው ርዝመት አንድ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ ያስምሩ፤ ሁለተኛውን ሲያጥፉ መስመሩ መሐል ላይ እንዲውል ቱቦውን ያዙሩ።

ሽቦው እንዲያልፍ

ቱቦ የሚታጠፈው ሽቦ እንዲያልፍበት ነው፤ የእጥፋት ብዛት ደግሞ ሽቦውን ያንቃል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ሽቦው ከቱቦው ጋር ስለሚፋተግ ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል ይባዛል እንጂ አይደመርም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ በሁለት መሳቢያ ቦክሶች መካከል ያለው እጥፋት በድምሩ ከ360 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ ማለትም ከአራት ሙሉ ማዕዘን እንዳያልፍ የሚከለክለው ለዚህ ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ መሐል ላይ ቦክስ ይግባ። በሲጌቶ የተቆረጠ ጫፍም በውስጥ በኩል የሰላ ከንፈር ይተዋል፤ በክብ ሊማ ሳይጠረግ ሽቦ የተሳበበት እንደሆነ ሽፋኑን ይልጠዋል።

ገመዱ ከውጭ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ የቱቦው ጫፍ እንደ ከዘራ ወደ ታች ይታጠፍ። የክረምቱ ዝናብ በቱቦው ውስጥ ወርዶ ቦክስ ውስጥ እንዳይጠራቀም ይከላከላል።

በልማድ የሚደረገው

ማጠፊያ በሌለበት ብዙ ሠራተኛ ቱቦውን በመጋዝ ሰንጥቆ ያጥፍና ይበይደዋል። ለበር ጌጥ ይህ ያስኬዳል፤ ለሽቦ ግን አደገኛ ነው፤ የብየዳው ቅሪት በውስጥ እንደ እሾህ ይቀራልና። ሌላው ልማድ ቱቦውን በአሸዋ ሞልቶ፣ ጫፎቹን ደፍኖ ማጠፍ ነው። አሸዋው ክቡን ከውስጥ ስለሚደግፍ በእርግጥ ይሠራል፤ ግን ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ አሸዋ በእሳት ሲሞቅ እንፋሎቱ ውታፉን አስፈንጥሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ደግሞ ጨርሶ በእሳት አይሞቅ፤ የሚቃጠለው ዚንክ ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። የብየዳ ስፌት ያለው ቱቦ ሲታጠፍ ስፌቱ በጎን በኩል ይሁን፤ ከውጭ ወይም ከውስጥ ከሆነ ብዙ ስለሚለጠጥ ወይም ስለሚጨመቅ ሊከፈት ይችላል።

ሳይረሳ

ብረት ቱቦ መሬት ካልታሰረ መከላከያነቱ ቀርቶ ራሱ አደጋ ይሆናል። አንድ የተላጠ ሽቦ ከውስጥ ቢነካው ቱቦው በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል፤ የነካውንም ሰው ይይዛል። ስለዚህ ከሌሎቹ ሽቦዎች ጋር አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የመሬት ሽቦ አብሮ ይሳብ፣ በየቦክሱ ከብረቱ ጋር ይታሰር፣ መጨረሻውም መሬት ከተቀበረ ዘንግ ጋር ይገናኝ። ቱቦን ከቱቦ የሚያገናኙት ማያያዣዎች ሁሉ ይጥበቁ፤ የላላ ማያያዣ መስመሩን ይቆርጠዋል።

ቱቦውን ማጠፍና ማሰር በትዕግሥት የሚሠራ ማንኛውም ሰው ሊያደርገው ይችላል፤ ሽቦውን ማገናኘት ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ነው። በየከተማችን የቴክኒክና ሙያ ትምህርት የምትከታተሉ ወጣቶች ሆይ፣ የጭቃ ቤት ባለቤት ግድግዳው ሳይፈርስ ደኅና ኤሌክትሪክ ማግኘት ይገባዋል። ማጠፊያ ያዙ፣ በቁራጭ ቱቦ ተለማመዱ፣ ልኬቱን ጻፉ፤ የመሬት ሽቦ ሳታስሩም ሥራውን ጨርሰናል አትበሉ።