ከኮከብ ቆጠራ እስከ ስልክ መጠይቅ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ሰውን በጠባዩ መመደብ አዲስ ነገር አይደለም። ዐውደ ነገሥት በተባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ቁጥር ተደምሮ በ12 ይገደፍና ቀሪው ኮከቡን ይናገራል፤ ሐመል እሳት፣ ሰውር መሬት፣ ገውዝ ነፋስ፣ ሸርጣን ውሃ።

ዛሬ ወጣቶች በስልክ የሚሞሉት የማየርስ ብሪግስ መጠይቅ ደግሞ 16 ዓይነት ጠባይ አለው። መነሻው ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ኮከብ ከስም ይወጣል፤ የመጠይቁ ውጤት ደግሞ ሰው ስለ ራሱ ከሰጠው መልስ። ከሳምንታት በኋላ ደግመው የሞሉ ብዙዎች ግን ሌላ ዓይነት ይወጣላቸዋል። የመጠይቁ አሳታሚም ለሥራ ቅጥር እንዳይውል ያሳስባል።

የመጠይቁ እውነተኛ ጥቅም ጥያቄ ማስነሳቱ ነው። «ዝምተኛ» የሚል ውጤት የወጣላት የቡሬ ተማሪ ክፍል ውስጥ እጇን የማታወጣው ለምን እንደሆነ ትመርምር። ለአንድ ወር በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ትጠይቅ፤ የተሰማትንም ትጻፍና ከመጠይቁ ውጤት ጋር ታነጻጽረው።