ኤምጂቢን በቤት ማደስ፦ ከበሮቹ ሥር ያለው ብረት
እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አቢንግደን የተመረተው ኤምጂቢ የተለየ ሻንሲ የለውም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ቦዲው ራሱ ነው። ጣሪያው በሚከፈተው ሞዴል ደግሞ የፊቱንና የኋላውን አካል አጽንቶ የሚያያይዘው በዋናነት ከበሮቹ ሥር የተዘረጋው ባለ ንብርብር ብረት ነው። ዝገትም የሚበረታው በዚሁ ስፍራ ነው። ስለዚህ በቤቴ ጋራዥ የበሰበሰውን ከመቁረጤ አስቀድሞ የበሩን ክፍተት በብረት ዘንግ በይጄ አጸናለሁ፤ መኪናው በሚገባ ሳይደገፍ ከተቆረጠ መካከሉ ይረግባል፣ በሩም በልኩ አይገጥምም። አንዳንድ ሻጮች እንደሚያደርጉት በዝገቱ ላይ ቆርቆሮ ለጥፎ ቀለም መቀባት በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን ለሞት ማጋለጥ ነው። ማሻሻልን አልቃወምም፤ እርሳስ አልባ ቤንዚን እንዲስማማው የጭስ ማውጫ ቫልቮቹን መቀመጫ በጠንካራ ብረት መተካት ተገቢ ነው። የሞተሩን ጉልበት ከመጨመሬ በፊት ግን መኪናው በጎማው ቆሞ ሁለቱም በሮች ያለ ግፊት መዘጋታቸውን አያለሁ።