ያውቁ ኖሯል? እንቅርት ሁሉ ከአዮዲን እጥረት አይመጣም

በአገራችን እንቅርት ሲታይ ቶሎ የሚጠረጠረው የአዮዲን እጥረት ነው። ሌላም መነሻ አለ። ጃፓናዊው ቀዶ ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ በ1912 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጽሑፍ፣ ከአራት ሴቶች የተወሰዱ የታይሮይድ ዕጢዎች በነጭ የደም ሴሎች ተወርረው ማየቱን ገለጸ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ይህ ሕመም የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የገዛ ዕጢውን ሲያጠቃ ነው፤ በሴቶች ላይ ይበዛል።

ዕጢው የአየር ቧንቧን ከፊት አቅፎ ስለሚቀመጥ፣ ሲያብጥ ጉሮሮ ላይ አንድ ነገር የተሰነቀረ ያህል ይሰማል፤ መዋጥም ይከብዳል። በዕጢው ውስጥ የሚወጡ ትናንሽ እባጮች ግን ይህን ስሜት እምብዛም አያመጡም። ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድም ተመሳሳይ ስሜት ስለሚፈጥር እሱንም ማስመርመር ይገባል።

እባጭ ተገኘ ሲባል ብዙዎች ካንሰር ነው ብለው ይደነግጣሉ። ከ10 እባጮች 9ኙ ያህል ካንሰር አይደሉም። እንዲያውም በሃሺሞቶ ሕመም የተቆጣ ዕጢ በአልትራሳውንድ ሲታይ ዥንጉርጉር ስለሚሆን፣ እባጭ ሳይኖር ያለ ሊመስል ይችላል። እባጩ አጠራጣሪ ከሆነ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። በፍጥነት የሚያድግ እባጭ ወይም የማይለቅ የድምፅ መጎርነን ካለ ግን፣ እባክዎ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።