መፈተሻቸውን የሚለዩ አጥፊ ሶፍትዌሮች

የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎች አጠራጣሪ ፋይል ሲደርሳቸው በሥራ ኮምፒውተራቸው ላይ አይከፍቱትም። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር አማካይነት በተፈጠረ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም በምናባዊ ማሽን ላይ ከፍተው ጠባዩን ይከታተላሉ። ፋይሉ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ማሽኑን ሰርዞ እንደገና መፍጠር ይቻላል።

ይሁንና የአጥፊ ሶፍትዌር አዘጋጆች ይህን አሠራር ጠንቅቀው ስለሚያውቁ፣ ሶፍትዌሩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ያለበትን ስፍራ እንዲመረምር ያደርጉታል። ምናባዊ ማሽን ውስጥ መሆኑን ከተረዳ ምንም ሳይሠራ ይቆማል፤ ፈታሹም ፋይሉን ንጹሕ ነው ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል።

የመለያ ዘዴዎቹ በርካታ ናቸው። አንደኛው ስያሜ ማንበብ ነው። የባዮስ መለያ ቁጥርና የዲስክ ስያሜ ብዙውን ጊዜ ቪኤምዌር ወይም ቨርቹዋልቦክስ የተባሉትን የምናባዊ ማሽን መፍጠሪያዎች ስም ይይዛሉ። ሁለተኛው ጊዜን መለካት ሲሆን፣ አንዳንድ የፕሮሰሰር ትእዛዞች በምናባዊ ማሽን ውስጥ ከተለመደው በላይ ይዘገያሉ። ሦስተኛው የተጠቃሚን ዱካ መፈለግ ነው፤ ማውሱ የማይንቀሳቀስና ሰነድ ያልተከማቸበት ኮምፒውተር ለፍተሻ የተዘጋጀ መሆኑ ይጠረጠራል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያውያንንም የነካ ነው። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተቋም የሆነው ሲትዝን ላብ በየካቲት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. በውጭ አገር በነበሩ የኢሳት ባልደረቦች ላይ በስካይፕ በተላኩ ፋይሎች የስለላ ሶፍትዌር ለመትከል መሞከሩን ገልጿል። ከፋይሎቹ አንዱ የፒዲኤፍ ሰነድ መስሎ የቀረበ ፕሮግራም ነበር። ሪፖርቱ ሶፍትዌሩ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ምርት መሆኑን አመልክቷል። የኩባንያው ሰነዶች በሰኔ 2007 ዓ.ም. ይፋ ሲወጡ፣ አስቀድሞ የሚላከው የሶፍትዌሩ ክፍል ቪኤምዌርንና ቨርቹዋልቦክስን የሚለይ ኮድ እንደነበረው ታውቋል። ዋናው የስለላ ክፍል የሚላከው ኮምፒውተሩ የተፈለገው ሰው መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነበር።

ባለሙያዎች በበኩላቸው የማሽኑን ስያሜዎች በመለወጥ፣ ማውሱን በሰው እጅ የሚንቀሳቀስ በማስመሰልና አጠራጣሪ ፋይሎችን በእውነተኛ ኮምፒውተር ላይ በመፈተሽ ዘዴውን ይከላከላሉ። በሌላ በኩል የጨዋታና የባንክ መተግበሪያዎችም ማጭበርበርን ለመከላከል ተመሳሳይ ምርመራ ስለሚያደርጉ፣ ምርመራው ብቻውን የጥፋት ማስረጃ አይሆንም።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ትምህርቱ ግልጽ ነው። በወረባቦ ወረዳ ቢስቲማ ከተማ ባለ ጽሕፈት ቤትም ሆነ በደሴና በኮምቦልቻ፣ በፍላሽ ዲስክ ወይም በኢሜይል የመጣ ፋይል “ተፈትሾ ንጹሕ ሆኗል” መባሉ ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ያልተጠበቀ ሰነድ ሲደርስ ከመክፈት በፊት ላኪውን በስልክ ማረጋገጥ፣ ሶፍትዌሮችን በወቅቱ ማደስና የጠቃሚ ሰነዶችን ቅጂ በተለየ ስፍራ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።