ወንዝ እንዴት ይፈጫል?

የአገራችን እህል ለብዙ ዘመን የተፈጨው በእናቶቻችን ክንድ ነው። ዛሬ በአምቦና በጉደር የኤሌክትሪክ ወፍጮ ቢኖርም፣ መብራትና ናፍታ ባልደረሰበት ገጠር ይህን ድካም ወንዝ ሊያቃልለው ይችላል።

እንግሊዞች በ12ኛው መቶ ዓመት ነፋስን ለወፍጮ አዋሉ። ነፋስ ግን አቅጣጫውን ይለዋውጣልና ባለወፍጮው የወፍጮውን ቤት በሙሉ እየገፋ ያዞር ነበር። ወፍጮውን በራሱ ወደ ነፋስ የሚመልሰውን ክንፍ ኤድመንድ ሊ ያወጣው በ1745 እ.ኤ.አ. ነው።

የእኛ አገር ሀብት ቁልቁለቱ ነው። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ሁሉቃና ጉደር ወደ ዓባይ የሚወርዱት እየተንደረደሩ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ ራስጌ የተጠለፈው ውሃ በቦይ መጥቶ፣ በአሸንዳ ቁልቁል ወርዶ የተጋደመውን መንኰራኵር ይመታል። በመንኰራኵሩ ላይ የቆመው ዘንግ በታችኛው ድንጋይ ቀዳዳ አልፎ የላይኛውን ያዞራል፤ የታችኛው አይንቀሳቀስም። እህሉ በላይኛው ድንጋይ ዓይን ገብቶ፣ ዱቄት ሆኖ በዳር ይወጣል።

በሴኮንድ 100 ሊትር ውሃ 4 ሜትር ቢወርድ 4 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል አለው፤ የእንጨት መንኰራኵር የሚይዘው ግን ከፊሉን ብቻ ነው። በበጋ ወንዙ ሲሳሳ፣ ገበሬውም ለመስኖ ሲጠልፈው ወፍጮው ይቆማል።

ስለዚህ ወፍጮ ሊተክል የሚያስብ ሁሉ የክረምቱን ሙላት ሳይሆን የበጋውን ውሃ ይለካ፤ ከመስኖ ተጠቃሚዎችም ጋር አስቀድሞ ይስማማ። ያለዚያ እናት ወደ መጇ መመለሷ አይቀርም።